ከኬላ ማዶ የመጣ ዛቻ

መርማሪዋ ከውጭ አገር የመጣውን ሁለተኛ ደብዳቤ አንብባ ስትጨርስ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። የሐሰት መድኃኒት ሻጩን ድረ ገጽ የያዘው ኮምፒውተር ያለበት አገር ቀደም ሲል «ማሽኑ እኛ ዘንድ ነው፤ ሰውየው ግን የለም» ብሎ ነበር። ሰውየው የሚኖርበት አገር ደግሞ አሁን «ወንጀሉ የተፈጸመው በእኛ ግዛት አይደለም» አለ።

«ዱላ ቅብብል ሆነ እኮ!» አለች።

«ምን ይደረግ? የእኛ ሥልጣን ኬላው ላይ ያበቃል» አላት አለቃዋ። «የእሱ ምላስ ግን ፓስፖርት አይጠየቅም።»

ጣጣው የጀመረው ከስምንት ወር በፊት ነው። አንዲት ባለ ፋርማሲ፣ ሰውየው በኢንተርኔት የሚሸጠው የልጆች ትኩሳት ሽሮፕ ቀለም የገባበት የስኳር ውሃ መሆኑን አስመርምራ ለሕዝብ አሳወቀች። ከዚያ ወዲህ ከሰውየው የሚደርሳት መልእክት አላቋርጥ አለ። መጀመሪያ ስድብ ነበር። ቀጥሎ የሰፈሯን መንገድ ስም ጻፈላት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፦ «አረንጓዴው በር ያምራል።» የፋርማሲዋ በር የተቀባው ትናንት ነው።

«እትዬ፣ እባክዎ ፋርማሲውን ለጥቂት ቀን ይዝጉት» ብላ ለምናት ነበር መርማሪዋ።

«ልጄ፣ የደም ግፊት ታማሚዎቼን ለማን ልተዋቸው?»

በሩን ያየው ሰው ቅርብ መሆን አለበት ብላ መርማሪዋ የሰውየውን ስም ለኢሚግሬሽን ላከች። መልሱ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ደረሰ፦ በቱሪስት ቪዛ ገብቷል፤ ሦስት ቀኑ ነው።

ስምንት ወር ሙሉ «ምነው እጃችን በገባ» ስትል የከረመችው መርማሪ ስልኳን አነሳች። ወዲያው ለባለ ፋርማሲዋ ደወለች።

«ደንበኛ ይዣለሁ፣ ልጄ። መልሼ ልደውልልሽ?»

«እትዬ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንጃ። ምንም አልጠየቀኝም። በሩን ከውስጥ እየቆለፈው ነው።»

መርማሪዋና አራት ፖሊሶች በሩን ሰብረው ሲገቡ መደርደሪያው ተገልብጦ ወለሉ በብልቃጥ ስባሪ ተሞልቷል። ባለ ፋርማሲዋ ክንዷ ተሰብሮ ከባንኮኒው ሥር ታቃስታለች። ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ ለመሸሽ እንኳ አልሞከረም።

«የሌላ አገር ዜጋ ነኝ» አለ ረጋ ብሎ። «ልትነኪኝ አትችዪም።»

«እግርህ የረገጠው የማንን መሬት ነው?» አለችና ካቴናውን አጠለቀችለት።

ሳቀባት። መኪና ውስጥ ሲያስገቡትም ሳቁ ከፊቱ አልጠፋም።

በማግስቱ ሆስፒታል ስትጠይቃት ባለ ፋርማሲዋ ስለ ክንዷ አንዲት ቃል አላነሳችም። «ድረ ገጹስ ተዘጋ?» አለች።

መርማሪዋ መዋሸት አቃታት።

«ሰውየውን ይዘነዋል፣ እትዬ። ሽሮፑ ግን ዛሬም ይሸጣል። ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ነው፤ የት አገር እንዳለ ገና አላወቅንም።»