ሆላንዳውያን የወደዱት ግጥም

ሌኦካዲያ የጥቁር ቀሚሷን የአንገት ቁልፍ ለመቆለፍ ስትታገል በሩ ተንኳኳ። ወደ ምርቃቱ ሊወስዳት የሚመጣው ከንቲባ መስሏት ነበር፤ የቆመው ግን ሳቱርኒኖ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው ሲኖሩ ደጇን ረግጦ አያውቅም።

«ዛሬ የአባትሽን ግጥም ታነቢያለሽ አሉ» አላት።

«ለምነውኝ ነው።»

«እነሱማ ይለምናሉ። እነሱ ምን ያውቃሉ? አንቺ ግን ታውቂያለሽ።»

መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

በጦርነቱ ጊዜ የሳቱርኒኖን አባት፣ የመንደሩን አስተማሪ፣ ወታደሮች ከወይን ማሳው ጥግ ረሸኑት። የሌኦካዲያ አባት፣ ባለቅኔው ኤሚሊያኖ፣ ስለ ሟቹ ግጥም ጻፈ። ግጥሙ በስውር ድንበር ተሻግሮ በሆላንድኛ ታተመ፤ እዚያ ተማሪዎች በቃላቸው ይወጡታል፣ ኤሚሊያኖንም የነጻነት ድምፅ ይሉታል። አስተማሪው የተደበቀበትን ጎተራ ለወታደሮቹ የጠቆመው ራሱ ኤሚሊያኖ መሆኑን ግን ማንም አልነገራቸውም። ለሌኦካዲያ እናቷ ልትሞት ስትል ነግራታለች። ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀንቶ ነው የሚሉም አሉ። የመንደሩ ሰው ስሙ ሲነሳ ወሬ ይቀይራል።

ሌኦካዲያ የምትኖረው አባቷ በተወለደበት ቤት ነው። እንግዶች መስኮቷን ፎቶ ስለሚያነሱባት መጋረጃዋን ገልጣ ፀሐይ አታስገባም። ልሽጠውና እህቴ ዘንድ ልሂድ ስትል ከንቲባው «ወይዘሮ ሌኦካዲያ፣ ቅርስ እኮ ይሸጣል?» ይላታል፤ እየሳቀ።

ዛሬም እየሳቀ መጣና ክንዷን ይዞ ወደ አደባባዩ ወሰዳት። ዛሬ የሚመረቀው የአባቷ መታሰቢያ ድንጋይ በባንዲራ ተሸፍኗል። ለምርቃቱ የመጡት ሆላንዳውያን አበባ ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል፤ የመንደሩ ሰው ከኋላ ቆሟል፤ ሳቱርኒኖ ከሁሉም ኋላ። ግጥሙን በቅርቡ እንደገና ወደ ሆላንድኛ የተረጎመችው ማርግሪት አጠገቧ ቆመች።

«አይጨነቁ፣ እርስዎ ያሉትን ሁሉ እየተከተልኩ እተረጉማለሁ» አለቻት፤ እጇን ጨብጣ።

ሌኦካዲያ ማንበብ ጀመረች። የገዛ ድምፅዋ ከድምፅ ማጉያው የሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰባት። ሸሽታ የምትወጣበት ቀዳዳ ፈለገች፤ በግራ ከንቲባው፣ በቀኝ ማርግሪት፣ ከኋላዋ ድንጋዩ። እንግዶቹ በጣም የሚወዱት መስመር ላይ ደረሰች።

«ወንድሜ፣ በሩን ማን አሳያቸው?»

ሆላንዳውያኑ በራሳቸው ቋንቋ አብረዋት አነበነቡ። አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች። ሌኦካዲያ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ ነው» አለች። «በሩን ያሳያቸው አባቴ ነው።»

ከኋላ የቆሙት ደርቀው ቀሩ። የከንቲባው እጅ ክንዷን ለቀቀ። ሳቱርኒኖ አልተነቃነቀም። ከፊት የተቀመጡት ግን ገና ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ አንገታቸውን ወደ ተርጓሚዋ አስግገው ይጠብቃሉ።

ማርግሪት ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። መልሳ ዝቅ አደረገችው።

ሌኦካዲያ ወደ እሷ ዞረች።

«ተርጉሚው እንጂ፣ ልጄ» አለቻት።