በቃ ከተባለ በኋላ

የድሮ ጓደኛዬ ሰዓት ሲደውልልኝ ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። ሃያ ዓመት ተዘጋግተን ኖረን፣ ትናንት እንደተለያየ ሰው፣ “ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ ተማሪዎቼን አንድ ቀን ታስተምርልኛለህ?” አለኝ። ሰዓት ያልነው በወጣትነታችን ነው፤ አንድም ቀን ለልምምድ አርፍዶ አያውቅም። እኔን ክብሪት ይሉኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል።

እሺ አልኩት። ስልኩን እንደዘጋሁም ለራሴ ማልኩ፤ ቅዳሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ያውም በሰው ፊት።

ካራቴን የተማርነው ከአንድ መምህር ነው። እሳቸው “ያሜ” ካሉ ትንፋሽም ይቆማል፤ ቃሉ የጃፓኖች ነው፣ “በቃ” ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ጋር ስንፋለም ሁለት ጊዜ አከታትሎ ነካኝና ደሜ ፈላ። መምህሩ “ያሜ!” አሉ። ሰዓት እጁን አወረደ። እኔም ሰምቻለሁ፤ ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። እግሬ ግን ሄደ። የግራ ጉልበቱ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ዛሬም በር በተዘጋ ቁጥር ይመጣብኛል። ለመምህሩ “አልሰማሁም” አልኳቸው። ሰዓት ወለሉ ላይ እንደተጋደመ ቀና ብሎ አየኝና ምንም አልተናገረም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ ወጊው ነኝ፤ ረስቼ ግን አላውቅም። ከተማውን ለቅቄ ሄጄ የራሴን ክለብ ከፈትኩ። መምህራችንም አረፉ።

የሰዓት ክለብ ከጎሚስታ ቤት በላይ ያለ ፎቅ ነው። ደረጃው ሁሉ ጎማ ጎማ ይሸታል። በሩ ላይ አርባ ጥንድ ጫማ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጎ ተደርድሯል። ወለሉ የተሰነጠቀበት ቦታ በፕላስተር ተለጥፏል፤ አንዱ መስኮት በመስታወት ፈንታ ጣውላ ተመቶበታል። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የመምህራችን ፎቶ ነበር። ቶሎ ዓይኔን መለስኩ።

የተቀበለችኝ የሰዓት ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጥቁር ቀበቶ ታጥቃለች። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ብቻውን ነው ያሳደጋት።

“እንኳን ደህና መጡ ሴንሴ” አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። “በምን መጡ?”

“በሞተር።”

“አባዬ እንዳይሰማ!” ብላ ሳቀች። “እኔን በሕይወቴ ሞተር ላይ አስወጥቶኝ አያውቅም። ጉልበቱን የሰበረው ሞተር አይደል? ዶፍ እየወረደ እንኳን በእግርሽ ነይ ነው የሚለኝ። ሞተር ባየሁ ቁጥር እኔም ፈርቼ መንገድ እቀይራለሁ።”

ክው አልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲረግመኝ የሚያድር የመሰለኝ ሰው፣ ለገዛ ልጁ እንኳን ስሜን አላነሳም።

ሰዓት ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሸብቷል፤ ከስቷል። “አረፈድክ” አለኝ። ሁለት ደቂቃ ነበር።

“የዛሬ ሳምንት የማዕረግ ፈተና አለባቸው” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ልጄ ካለፈች ክለቡን ትረከበኛለች። እኔ ከእንግዲህ ይሄን ደረጃ አልወጣውም። እሷ ካልያዘችው ይዘጋል። አምና ሁሉም ወድቀዋል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታየዋለህ።”

አሰለፍኳቸውና ካታ አሠራኋቸው። ካታ ማለት ብቻህን ሆነህ ከማይታይ ባላጋራ ጋር የምትፋለመው፣ እያንዳንዱ እርምጃው ከጥንት የተወሰነ ፍልሚያ ነው። ሰባተኛው እርምጃ ላይ በግራ እግር መዞር አለ። እዚያ ሲደርሱ አርባውም የግራ እግራቸውን ጎተቱት። ወለሉ ሽርር አለ። ነጭ ቀበቶ የታጠቁት ሽማግሌ የባንክ ጥበቃ እንኳን ጎተቱ።

“ቁሙ!” ብዬ ጮህኩ። “ምንድን ነው ይሄ? አርባ አንካሳ ነው እንዴ የተሰበሰበው? ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ?”

የአርባውም ዓይን ሰዓት ወደተቀመጠበት ወንበር ሄደ።

ያኔ ገባኝ። የካራቴ ተማሪ የሚቀዳው መምህሩ የሚለውን ሳይሆን የሚያደርገውን ነው። እኔ የሰበርኩት አንድ ጉልበት ነበር፤ አርባ ሰው ያነክሳል። አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“በአፌ ነግሬያቸዋለሁ” አለ ሰዓት፣ ሳይቆጣ። “እግራችሁን አንሱ እላለሁ። የሚያዩት ግን የኔን ነው፤ የኔ ደግሞ አይነሳም። ይቺን ዙር ካንተ በላይ የሚያሳያቸው የለም። ለዚህ ነው የጠራሁህ።”

አሳየኋቸው። እየዞርኩ፣ ቁርጭምጭሚት እየያዝኩ፣ እየተቆጣሁ፣ እየለመንኩ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ቀድማ የያዘችው ልጁ ናት፤ እግሯን በእጄ ይዤ ሦስት ጊዜ አዞርኳት፣ አራተኛውን ብቻዋን ዞረች። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሏት። በመጨረሻ አርባውም አንድ ላይ ሲዞሩ ወለሉ ድምፅ አላሰማም። ሰዓት ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፊቱ በርቶ ነበር። እዚያ ላይ ተሰናብቼ መሄድ ነበረብኝ።

የእንግዳ ትምህርት ሲያልቅ ደንብ አለው። ሁሉም ይንበረከካሉ፤ እንግዳው ጥቂት ይናገራል፤ ከዚያ የተማሪዎቹ ታላቅ “ለእንግዳው!” ብሎ ሲያዝ ሁሉም ግንባራቸውን ወደ ወለሉ ዝቅ ያደርጋሉ። እዚህ በማዕረግ ታላቋ የሰዓት ልጅ ናት። እኔም ትይዩአቸው ተንበረከክሁ። ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ሰዓት ብቻ ቆሟል።

“የመምህራችሁን ጉልበት…” ብዬ ጀመርኩ።

ሰዓት ደንግጦ ራሱን ነቀነቀብኝ።

“ተወው ወንድሜ” አለኝ ቀስ ብሎ። “በቃ።”

ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

“የሰበረው ሞተር አይደለም። እኔ ነኝ። ቁም ተብዬ፣ ሰምቼ መታሁት። ከዚያም አልሰማሁም ብዬ ዋሸሁ። በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አልዋሽም፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቀለለኝ። ከዚያ የልጅቱን ትእዛዝ ጠበቅን። አላዘዘችም። ከታች ጎማ የሚነፋው ማሽን ብቻ ይሰማል።

“አባዬ፣ እውነት ነው?” አለች በመጨረሻ።

ሰዓት መሬት መሬቱን ያያል።

“ሞተሩስ? በሐሰት ነው እንዴ ዕድሜዬን ሙሉ ያስፈራኸኝ? እሺ ይሁን። ግን እግርህን የሰበረው ሰው እግሬን ይዞ ሲያዞረኝ እንዴት ቁጭ ብለህ አየህ?”

ተነሥታ ቀበቶዋን ፈታች። በወጉ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ ሰማናት።

“ለእንግዳው” አለ ሰዓት ራሱ። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ሰገደልኝ።

እስከ በሩ ሸኘኝ።

“ትመለሳለች” አልኩት።

“ልጄን አታውቃትም።”

“እኔ እኮ ይቅር እንድትለኝ ነው…”

“እኔማ ያን ቀን፣ ወለሉ ላይ እንዳለሁ ነው ይቅር ያልኩህ” አለኝ። “ሞተር ያልኩትም ለዚያ ነው።” በሩን ያዝ አደረገ። “ቅድም በቃ ስልህ ሰምተኸኛል?”

“ሰምቻለሁ” አልኩ።

በሩን ዘጋው።