የዳይሬክተሩ ዛፍ

ደንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስተማር ያቃጥላል። ዛፍ በጠመኔ ስስል፣ በዳስተር ሳጠፋ ዓመታት አለፉ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ግን እውነተኛ ደን አለ፤ ተማሪዎች በየጊዜው የተከሉት፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው፣ ዛፍ ከዛፍ ተጣብቆ መተንፈሻ ያጣ። መጋዝ ይሰጠንና እናሳሳው ብዬ ዳይሬክተሩን ያልለመንኩበት ጊዜ የለም። «ልጆቹ እጃቸውን ቢቆርጡስ?» ይለኛል። ኋላ ኋላማ ቢሮው በር ላይ ሲያየኝ ፊቱን ማጨማደድ ጀምሮ ነበር።

ዘንድሮ ምን እንደታየው እንጃ፣ ፈቀደ። «እስቲ እናያለን። ነገር ካመጣችሁ ግን መጋዙ ተመልሶ ይቆለፋል» አለኝ።

ለአሥራ አንደኛ ክፍሎቼ ሥራውን አስረዳኋቸው። ደካማው ይወጣል፣ ጤነኛው ብርሃን ያገኛል፤ ስለዚህ የታመመውንና የጎበጠውን ፈልገው፣ የሚቆረጠው እንዲለይ ቀይ ቀለም ይቀባሉ። ክርክር ስለማይሰለቻት «ጠበቃዋ» የምንላት ልጅ አንዱን ዛፍ ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ግንዱን በጣቷ ስትጭረው ብስባሹ ረገፈ።

«ቲቸር፣ ይሄ አለቀለት። አጠገቡ ያለውን ሸጋ ዛፍ ደግሞ ተደግፎ ሊያጎብጠው ነው።»

«ልክ ነሽ!» አልኳት። ደስታ ሊያስጮኸኝ ነበር። ቀባችው።

ይሄኔ ዳይሬክተሩ መጣ። ቀለሙን ሲያይ ቀጥ ብሎ ሄደና ከዛፉ ሥር ያለውን ሣር ገለጠ። ስሙ የተጻፈባት የዛገች ቆርቆሮ ብቅ አለች። በተሾመ ዕለት የተከለው ኖሯል፤ እኔም አላውቅም ነበር።

«ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጠበቃዋ። «በስብሷል እኮ።»

እሷን ዞር ብሎም አላያት። «መምህር፣ ይሄ እንደማይነካ ንገራቸው» አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጋዙን ከፈለግከው።»

ልጆቹ አፍ አፌን ያያሉ። ደሜ ፈላ። ግን መጋዙ ከተቆለፈ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ሁሉ ዕጣቸው ጠመኔ ነው።

«ተዉት» አልኩ።

«ታዲያ የቱ ይቆረጥ? ሁለቱ ተጣብቀው አያድጉም ብለዋል» አለች ጠበቃዋ።

ቀጥ ያለውን በእጄ አሳየኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አንድም ስህተት አልሠሩም። በሚወድቅበት በኩል ግንዱን በመጋዝ ሸረፉ፣ ከጀርባው ገዘገዙ፣ «ዞር በሉ!» ተባባሉ፤ ዛፉ ባልኳቸው ቦታ ተዘረረ። ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። ጉቶውን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አንዲት እንከን አልነበረበትም። ንዴቴን የምወጣበት ቦታ ስላጣሁ መጋዞቹን ሰብስቤ ብቻዬን ተሸክሜ ገባሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላኛው ጥግ ገባን። ቀለሙን ለጠበቃዋ ሰጠኋት። ቅርፊቱ የተላጠ፣ ጫፉ የደረቀ ዛፍ ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተውም። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረችና ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ይሄስ የማን ነው?»