ድንጋይ ማቀፍ

ከጡረታ በኋላ የወጣቶች የእረፍት ካምፕ ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። ታንኳዎቹን ከነልጆቹ ወደ ወንዙ ላይኛው ዳር አደርሳለሁ፤ ከዚያ በታች በኩል ዞሬ እለቅማቸዋለሁ። የልጅ ልጄ ሚጣም ዘንድሮ እኔን ተከትላ ተመዘገበች። እናቷ ውሃ ትፈራለች። የፈቀደችውም በእኔ ዓይን ተማምና ነው። «አባዬ፣ ድንጋያማውን ቦታ ስትወርድ ቆመህ እይ። ካላማረህ የዛኑ ቀን ይዘሃት ና» ብላኛለች። ሚጣም ይህን ታውቃለች።

ሚጣ ማለት ተቀመጪ ሲሏት የምትቀመጥ፣ ሰው ሲናገር ቃል የማይወጣት ልጅ ናት። እኔን እንኳ አንቱ ትለኛለች። ወንዝ ላይ ምን ትሠራለች ብዬ ስጋት ገብቶኝ ነበር።

አሠልጣኟ ድምጿ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት ናት። ልጆቹን መጀመሪያ ያስተማረቻቸው በደረቅ መሬት፣ ታንኳውን ከመጋዘኑ ግድግዳ አስጠግታ ነው። ውሃው በጎን ወስዶ ድንጋይ ላይ ከለጠፋችሁ አትሽሹ፤ ወደ ድንጋዩ ተጋድማችሁ እቀፉት፤ ከሸሻችሁ የታንኳው ጠርዝ በውሃው በኩል ዝቅ ይልና ወንዙ ይገባባችኋል አለቻቸው። እኔ ከመሪዬ ኋላ ሆኜ ሳቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ግንብ ያቀፈ ሹፌር ሞልቶ አይቻለሁ፤ ቁጭ ብሎ ያጫወተኝ ግን የለም።

ሌሎቹ ለምሳ ሲሄዱ ሚጣ ብቻዋን ቀረች። እርጥብ ጃኬቶች ከተሰቀሉበት ሥር ታንኳው ውስጥ ተቀምጣ፣ ጉንጯን ግድግዳው ላይ እየለጠፈች ስታቅፍ፣ ስትለቅ፣ ደግሞ ስታቅፍ አየኋት። የኖራው ብናኝ ፊቷን አነጣው።

የመውረጃው ቀን ደረሰ። ሚጣ ከኋላ ሆና ትመራለች፤ ከፊቷ «ቀጭኔ» የሚሉት አንገተ ረጅም ልጅ ይቀዝፋል። ሹፌር ከኋላ የሚቀመጥበት ነገር እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ነጭ አረፋ የሚደፍቅበት ቦታ ዳሩ ላይ ቆምኩ።

የመጀመሪያውን ድንጋይ አለፉት። ሁለተኛውንም አለፉት፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ከዚያ ታንኳዋ በጎኗ ዞረችና ውሃው ወስዶ ትልቁ ድንጋይ ላይ ለጠፋት። እኔ ከድንጋዩ ከፍ ብዬ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ነበር የቆምኩት። ያን የአውቶቡስ ድምፄን ለቀቅኩት።

«ሽሹ! ወደ እኔ ተጋደሙ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቀጭኔ ሰማኝ። ትከሻውን ወደ እኔ ሲያዘነብል ጠርዙ ዝቅ አለ፤ ውሃው እየተንዶለዶለ ገባና ጉልበቱን ዋጠው። ያን ጊዜ ነው አሠልጣኟ ያለችው የገባኝ። ቃሌን መመለሻ ግን አልነበረኝም።

«አትስማው!» ብላ ጮኸች ሚጣ። «እቀፈው!»

አንቱታውን ወንዙ ወሰደው። ድንጋዩ ላይ በደረቷ ተደፋች፤ ቀጭኔም ተከትሏት ተደፋ። ጠርዙ ቀና አለ። ከዚያ ሳይለቁት በመዳፋቸው ድንጋዩን እየገፉ ታንኳዋን ቀስ በቀስ አንሸራተቷት። የታንኳዋን አፍንጫ ውሃው ያዘውና ተላቀቀች። ሚጣ መቅዘፊያዋን አነሳች፤ እየተንገዳገዱ፣ በግማሽ ውሃ የሞላች ታንኳ ይዘው፣ የረጋው ውሃ ላይ ደረሱ። እንደዚያ ያለ መሪ አያያዝ በዘመኔ አላየሁም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የኩራትም የድንጋጤም ነበር።

በዚያው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ ሚጣ ሻንጣዋን ይዛ መኪናው ድረስ መጣች። ዓይኗን ከመሬት አልነቀለችም።

«አባባ፣ በሰው ፊት ስላቃለልኩዎት ይቅርታ። ዕቃዬን ይዣለሁ፤ እንሂድ።»

ሻንጣውን ከእጇ ነጥቄ ድንኳኗ ውስጥ መለስኩት። ከዚያ እዚያው አጠገቧ ቆሜ ለእናቷ ደወልኩ። ልጄ ገና ሰላም ሳትለኝ፣ እንዴት ናት፣ ትሰማሃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ዛሬስ አልሰማችኝም» አልኳት። «ተመስገን ነው። ብትሰማኝ ኖሮ ወንዙ ይወስዳት ነበር።»

«ታዲያ ይዘሃት ትመጣለህ?»

«ይዣት አልመጣም» አልኳት። «ከእንግዲህ የምሰማት እኔ ነኝ።»