ሁለት ጅብ በአንድ ፎጣ

...ደግሞ መጣ፣ ያው ሰውዬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ እንደተያዘ ፌንጣ ይንፈራገጣል፣ አላየውም ብል ማን ያስቀምጠኛል፣ ቀይ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ከባንኮኒው ሥር አወጣዋለሁ፣ አዎ፣ ስም ንዳዱ፣ ሥራ ጨው ነጋዴ፣ መኖሪያ ሦስተኛው በር፣ አቅራቢ ሰዓድ። ሰዓድ ራሷ እዚያ ማዶ ናት፣ መተላለፊያው ለየን እንጂ እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ፣ በእናቷ የቅመም ሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ እንደተጣደ ወተት ትጠብቀዋለች። የምትጠብቀው የእኔን ቃል ነው። አታውቅም።

እነሳለሁ፣ የታጠፈውን ጆንያ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ወፍጮው ይነሳል፣ በርበሬ በረንዳ በሙሉ ያስነጥሳል፣ እኔም አስነጥሳለሁ፣ የእኔ ማስነጠስ ግን እንደ ሰው አይደለም፣ ባለፈው አብነት ሰፈር ላይ ታክሲ አስቁሟል፣ ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ወርዶ አየ፣ ረዳቱ ራሱ ነው የነገረኝ። ምን እያልኩ ነበር፣ ንዳዱ። አስር ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፣ እስከዚያ ያልገባ እስከ መስከረም ውጭ ይቀራል።

በር ስል የእውነት በር አይደለም። «ጨው በር» የሚሉት ድራማ አለ፣ በየሳምንቱ በቴሌግራም በድምፅ የሚለቀቅ፣ ግንቧ የጨው፣ በሮቿ ሰባት የሆነች ከተማ፣ ልጆቹ ሰሙት፣ ወደዱት፣ መስማት አልበቃ አላቸው፣ ግሩፕ ከፈቱና እያንዳንዱ የራሱን ሰው ፈጥሮ ከተማዋ ውስጥ እየጻፈ ይኖራል፣ አንዱ ዘበኛ፣ አንዷ መድኃኒተኛ፣ ይጣላሉ ይታረቃሉ ይፋቀራሉ፣ ደሞዝ የለው ምን የለው። ማንም ግን ዝም ብሎ አይገባም፣ ሰውዬህ ማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ምን ይችላል፣ ምን ያቅተዋል፣ ይህን ጽፎ ያቀርባል፣ ያንን የሚያይ ሰው አለ፣ አጋፋሪ ይሉታል፣ እንደ ድሮ ድግስ በር ላይ ቆሞ አንተ ግባ አንተ ቆይ የሚል። አጋፋሪው እኔ ነኝ፣ ቦጋለ፣ ሽበቱ ቅንድቡ ላይ የደረሰው ቦጋለ። ልጆቹ ጎረምሳ መስዬአቸው ነው የሚሰድቡኝ፣ አንተ ጀዝባ፣ ፍሬንድ የለህም እንዴ፣ ስድባቸው እንዴት ያስደስታል፣ አርባ ዓመት ያወርደኛል።

ሩታ ናት ጉድ ያመጣችብኝ፣ ፎቅ ላይ የስልክ ሽፋን የምትሸጠው፣ ግሩፑን የከፈተችው። ጋሼ ቦጋለ፣ አለችኝ፣ ባለፈው ወቅት አንድ የማይሞት ሰው አስገብተን ከተማዋን አቃጠለብን፣ የሚያሸንፈው ጠፋ፣ ልጆቹ ሰለቻቸው ጥለው ወጡ፣ ዘንድሮ በር ላይ ውሸት የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው። ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ሳቀች። አልሳቅኩም። ትንሽ ሳቅኩ።

ግን ልክ ነበረች፣ እንዴት አላውቅም፣ ዛላ በርበሬ ስገዛ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንቀጫቅጨዋለሁ፣ ከውስጥ ፍሬው ሿ ካለ ደረቅ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የረጩበት ግን ያምራል፣ ይከብዳል፣ ድምፅ የለውም። ፕሮፋይልም እንዲሁ ነው፣ ጉልበቱን ክብሩን አላይም፣ ታች እወርዳለሁ፣ ድክመት የሚለው ጋ፣ እዚያ አንቀጫቅጨዋለሁ። የሰሚር ሰውዬ ይበራል፣ ድክመቱ ምንድን ነው፣ በጣም ቆንጆ መሆኑ። መለስኩት። የኤልሳቤት ንግሥት እሳት ትተፋለች፣ ድክመቷ ደግነቷ። ሂጂ ወዲያ፣ መለስኳት። ውሃ የጠጣ ሁሉ በእኔ በር አያልፍም።

እና ይህ ንዳዱ መጣ። መጀመሪያ የመጣ ቀን ሳነበው በሳቅ ልፈነዳ፣ ሁለት ጅብ በአንድ ፎጣ አስሮ ገበያ ድረስ ጎትቷል ይላል፣ ወንዝ ሲሞላ ግመል ከነጭነቱ በትከሻው አሻግሯል፣ አንዴ ቢያስነጥስ ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ ድንኳኑን ጥለው ሸሽተዋል፣ ድክመት፣ የለበትም። የለበትም! ጻፍኩላት፣ ይህ ሰው ከሴት አልተወለደም፣ ይህን ያህል ያበጠ ሰው በጠባብ በራችን አይገባም፣ ቀንሺ። ላክሁት። ስድብ ሲሳካልኝ ሻይ አዛለሁ፣ ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩን ሳልጨርስ ሰዓድ መተላለፊያውን ተሻግራ መጣች፣ ፊቷ እንደ ሚጥሚጣ፣ ጋሼ ይስሙኝማ ይሄ ከሴት ያልተወለደ የሚለውን፣ እያለች ጽሑፌን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልኛለች። ማን ነው እንዲህ የሚል ባለጌ? አልኩ፣ ምን ልበል። ወላሂ ጋሼ ከእርስዎ እኮ ነው የወሰድኩት፣ የጅቦቹን፣ ያንን ኤንትሬ የጭነት መኪና ተሸክመው ወንዝ ያሻገሩበትን፣ ከተማዋ ውስጥ መኪና ስለሌለ ግመል አደረግኩት፣ አንድ አልጨመርኩም።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። የእኔ ነው። ራሴን ከበር መለስኩ። እንዴት አላወቅኩትም፣ ሰው የገዛ ድምፁን በስልክ ሲሰማ ማን ነው ይህ እንደሚል ሆነብኝ፣ ነግሬው እንጂ ሰምቼው አላውቅም፣ ከእኔ አፍ ሲወጣ ያን ያህል አላበጠም ነበር። ጅብ እኮ ነበር፣ ጅብ መኖሩን ማንም አይክድም።

አንዲት ነገር እንዳትቀንሺ! አልኳት፣ ባንኮኒውን በጡጫ መትቼ፣ ምን አባቱ ያውቃል፣ እንዳለ ላኪለት፣ ይዋጥለት ይነቀው! እንዳለ ላከችው። እንዳለ ደረሰኝ። ድክመት የሚለው ጋ ወረድኩ፣ አሁንም የለበትም፣ አነበብኩት፣ ደስ አለኝ፣ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ መለስኩት። ለሰሚር መብረር ከልክዬ ለራሴ ጅብ ልፈቅድ? ጻፍኩ፣ ድክመት የሌለው የለም፣ ፈልጊና አምጪ። በአፌ ግፊ ያልኩ እኔ፣ በጣቴ የገፋሁ እኔ፣ አንድ ሰው ሆኖ ከራሱ ጋር የሚጣላ ይታያችሁ፣ አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው የማይጣላውን ጠብ ብቻዬን ተጣላሁ።

ጀርባ! ጀርባ! ተሸካሚው በዛላ ጆንያ ስር ጎብጦ ያልፋል፣ ጉልበቴን እሰበስባለሁ፣ ሴትዮ ትቆማለች፣ የፍየል ነው የበሬ ኮረሪማ? ምን አይነት ጥያቄ ነው፣ ኮረሪማ ፍየል በሬ የለውም እናቴ፣ ማዶ ጠይቂ፣ እኔ በርበሬ ነኝ፣ ትሄዳለች፣ ሰዓድ ቀና ብላ ታስተናግዳለች፣ አንድ ዓይኗ ሚዛን ላይ አንድ ዓይኗ ስልኩ ላይ። ሩታ ትጽፋለች፣ ጋሼ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፣ ይግባ ወይስ ይቆይ? ቆይ በላት፣ ቆይ፣ አላነበብኩም ገና፣ አንብቤያለሁ ግን ታች አልወረድኩም፣ ጣቴ አይወርድም።

ቅድም ሦስተኛውን ከመላኳ በፊት መጥታ ምን አለችኝ፣ ጋሼ፣ አጋፋሪው ዛሬም ከመለሰው ሰውዬውን አጠፋዋለሁ፣ ንዳዱ የለም፣ ግሩፑም የለም፣ ታሪክ የሚባል ነገር ሁለተኛ ጆሮዬ አይገባም፣ በቃኝ። ጆሮዬ አይገባም አለች። ለእኔ! ጎረቤቴ ዘውገ የጆሮ መሣሪያ ያስገባ ጊዜ እልል ያልኩ እኔ ነኝ፣ አሁን እኔን ከሩቅ ሲያየኝ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። ቦሰና፣ የገዛ ሚስቴ፣ ገና፣ አንድ ቀን፣ ስል ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። ባልንጀራዬ ኪዳነ ማርያም ልጁ ዘንድ ለቡ ገባ፣ የሄደው ከእኔ ወሬ ሸሽቶ ነው ይላሉ ሰዎች፣ ምቀኛ ሁሉ። የቀረችኝ ይህች ናት፣ እና እሷ ብቻ ደግሞ እንዴት ትሰማለች፣ የኮረሪማ ቅርፊት እየላጠች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከዚያስ ጋሼ? ከዚያስ የሚል ሰው በመርካቶ ስፋት ማን ቀርቷል።

ብመልሰው አጣታለሁ። ባስገባው፣ ድክመት የሌለበት ሰው ባስገባ፣ ከተማዋን ያቃጥልና ልጆቹ እንደገና ይበተናሉ፣ ሩታ ትሄዳለች፣ አጋፋሪነቴ ይቀራል፣ ስድቤ ይቀራል። እኔ ራሴ ብጽፍለትስ፣ ድክመት፣ ጉልበቱን ይቆረጥመዋል፣ ወይ ደም ግፊት፣ ሐኪም ጨው ከልክሎታል፣ የጨው ነጋዴ ጨው ተከልክሎ ጆንያው ላይ ተቀምጦ አልጫ ሲበላ፣ ኧረ አሪፍ ነው፣ ኧረ ማን ያምነዋል፣ ደግሞ አጋፋሪ በሰው ጽሑፍ እጁን አያስገባም፣ ራሴ ያወጣሁት ሕግ፣ ሕግ ማውጣት ምን አስቸኮለኝ።

አስር ሊሆን ነው፣ ማዶ መስጊድ ሊጣራ ነው፣ ሰዓድ ልትነሳ ነው፣ ውረድ በቃ፣ ውረድ አንተ ጣት፣ ጅቦቹ አሉ፣ ሁለቱም፣ ግመሏም አለች፣ ማስነጠሱም አለ፣ አልቀነሰችም እንዳልኳት፣ ድክመት፣

ድክመት፦ የሚሰማው ሰው ካጣ ኃይሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ጎረቤቱ የሆነች ቅመም ሻጭ፣ ደንበኛ እየጠበቃትም ቢሆን፣ ወሬው ሳያልቅ አትነሳም።

ሿ አለ።

ያ ድምፅ፣ የደረቀ ፍሬ ድምፅ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ማድረጌን አሁን ነው ያየሁት። ወሬውን እንደማሳብጥ ታውቃለች። ከመቼ ጀምሮ፣ ከጅቦቹ ጀምሮ? ከኤንትሬው? ወይስ ከመጀመሪያው ቀን፣ ያን ቀን ምን ነበር የነገርኳት፣ መብረቅ በእጄ መያዜን ነው መሰለኝ፣ ያኔም ከዚያስ ጋሼ ነበር ያለችው፣ ያላመነችውን ነገር ከዚያስ የሚል ሰው፣ እያወቀ፣ ኮረሪማውን ትቶ፣ ደንበኛ ቆሞ እያየ፣ ልቆጣ ነበር፣ በእውነት ልቆጣ ነበር፣ ቁጣውን ብፈልገው አጣሁት፣ ዓይኔን ምን ነካው፣

ጋሼ! በዚያ ጣት ዓይንዎን አይሹት እንጂ! ከማዶ ትጮኻለች። አሸሁት እኮ፣ ሃምሳ ዓመት በርበሬ ሸጬ ዛሬ ልጅ የማይሠራውን ስህተት ሠራሁ፣ እሳት፣ እሳት ነው፣ አየሩ በሙሉ ቀላ፣ ይቺን ዓይን ዛሬ ቢያያት የዓባይ ግድብ ይቀና ነበር፣ ውሃ ይዛ ትሮጣለች፣ ጎንበስ ይበሉ ጋሼ፣ አያብሱ፣ ይፍሰስ ዝም ብሎ ይፍሰስ፣ እና እኔ በአንድ እጄ ውሃ እየተቀበልኩ በሌላው እጄ ከባንኮኒው ሥር፣ ሳላይ፣ አንዲት ቃል፣ የአጋፋሪ ቃል፣ ይግባ።

ስልኳ ይጮኻል። ጣሳውን ትለቀዋለች፣ ውሃው ጫማዬ ላይ። ገባ! ጋሼ ንዳዱ ገባ! አስገባው ያ ባለጌ! ማን? እላለሁ፣ እኔ ምን አውቄ፣ ያ ከሴት ያልተወለደ የሚለው? ታዲያ ዛሬ ምን አግኝቶት ነው? እኔን ታያለች፣ ከዚያ ስልኩን ታያለች፣ የኮረሪማዋ ሴትዮ ደግሞ ተመልሳ የእሷ ሱቅ ፊት ቆማለች፣ ልጄ፣ ኧረ ልጄ፣ ሰዓድ ግን በርጩማዋን ከማዶ ጎትታ መጥታ ከፊቴ ትቀመጣለች፣ አንገቷን ዘንበል። ግሩፑ ውስጥ ከአሁኑ እየጠየቁኝ ነው ጋሼ፣ ሰሚር አላምንም ብሏል፣ ጅቦቹ ስንት ነበሩ? ሁለት ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ሁለት ናቸው አይደል?

ሁለት። ሁለት ብላ ጽፋለች፣ ሁለት ይበቃል፣ አንድ ዓይን ላለው ሰው ሁለት ጅብ ምን አነሰው፣ በል ዝም በል ቦጋለ፣ ሁለት በልና ዝም በል፣ ሁለት ናቸው ልጄ፣ ሁለቱ ከፊት የመጡት ናቸው፣ ከኋላ የመጡትንማ መቼ ነገርኩሽና፣