ማን ያግዝዎታል?

በያጁ ሻንጣውን ከፍቶ ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው። የረሳው ነገር የለም፤ እጁ ሥራ ሲያጣ አመሉ ነው። ነገ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ወደቡ ይሄዳል። እዚያ መርከብ እየበየደ ሁለት ዓመት ሊቆይ ፈርሟል። አንድ ነገር ብቻ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር አላስረግጥ ብሎታል፦ እናቱ ብቻዋን ትችላለች ወይስ አትችልም? ሲጠይቃት «ደህና ነኝ» ነው መልሷ። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ «ሞቅ አለን» የምትል ሴት ናት።

በሩ ሲንኳኳ ዘሎ ከፈተ። ታብሌት በብብቷ የያዘች፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ መረጃ ሰብሳቢ ቆማለች።

«የሕዝቡን ጤና እያጠናን ነው» አለች ከገባች በኋላ። «የታመመ ሰው አይደለም የምንፈልገው። ማንኛውም ሰው በጤናው ምክንያት ኑሮው ምን ያህል እንደቀለለው ወይም እንደከበደው ነው የምንጠይቀው።»

ከአንድ ቤት የሚጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ታብሌቱ ከእናትና ልጅ ዕጣ አወጣ። ለእናቲቱ ወጣ።

«ዘመድ ያልጠየቀኝን ጤና ታብሌት ጠየቀኝ» አለች እናቱ። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዛሬም ወንበሯ ከስፌት መኪናዋ አይርቅም።

«ስለ ዛሬ ብቻ ነው የምጠይቅዎት፣ እማማ። እኔ አነባለሁ፤ እርስዎ መልሱን ካርዱ ላይ በጣትዎ ያሳዩኛል፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ችግር የለም ካሉ እናልፋለን። አለ ካሉ ተጨማሪ ጥያቄ ይኖረኛል።» ወደ በያጁ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተ ውጭ ትጠብቀናለህ።»

«ልጇ ነኝ እኮ።»

«ለዚህ እኮ ነው የምትወጣው።»

«ውጣ አንተ» አለች እናቱ። «ሲወለድም እንዲሁ አልወጣም ብሎ ነው ያስጨነቀኝ።»

ወጣ። ከበሩ እስከ ደረጃው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። አልሰማም ብሎ ነበር። ግን በሩ ስስ ጣውላ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ክዳን የለውም።

«በእግር መሄድስ እንዴት ነው?» አለ የመረጃ ሰብሳቢዋ ድምፅ። ዝምታ። ከዚያ ወደ ሌላ ጥያቄ። አለፉ ማለት ነው። በያጁ ተነፈሰ።

«መታጠብና ልብስ መልበስስ?»

ይኸኛው ዝምታ ረዘመ። ወንበር ተንቋቋ።

«ማን ያግዝዎታል?»

በያጁ እግሩን አንስቶ ሳያስቀምጥ ቀረ። አላለፉም። ይህ ጥያቄ ደግሞ በካርድ አይመለስም።

«መቀሴ» አለች እናቱ።

«መቀስ የሚል ምርጫ የለኝም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ማንም በይ።»

መቀስ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ቀሚሶቿን ሁሉ ከፊት ቀድዳ ቁልፍ ተክላባቸዋለች፣ በጭንቅላት የሚጠለቅ አንድም አልቀራትም። «አማረብሽ» ብሏት ነበር፤ «ፋሽን ነው» ብላዋለች። ፀጉሯንም «ለሙቀቱ» ብላ አስቆርጣዋለች። እሱ ብረት ከብረት ሲጋጠም ስንጥቁን ከሩቅ የሚያይ ሰው፣ ይህን በየቀኑ እያየ አላየም።

«ሕመምስ?» ሲል ድምፁ፣ ደረጃውን ወረደ። ታች ደርሶ ምን እንደሚሠራ ስላላወቀ ተመልሶ ወጣ።

«…ዜሮ የመጨረሻው ክፉ፣ መቶ የመጨረሻው ደህና ቢሆን፣ ዛሬ ጤናዎ ስንት ላይ ነው?»

«ስልሳ አድርጊልኝ። ለሱ ግን ዘጠና በይው።»

«ለሱ ምንም አልለውም።»

መረጃ ሰብሳቢዋ ስትወጣ በያጁን በሩ ሥር ተገትሮ አገኘችው። እሱን አየች፤ ጣውላውን በጣቷ መታ መታ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። ከመጀመሯ በፊት በሩ ድምፅ ያሳልፍ እንደሆነ መፈተሽ ነበረባት።

«ሰምተሃል።»

«በሩ ስስ ነው» አለ።

ታብሌቷን አቅፋ ወረደች።

ሲገባ እናቱ የሻንጣውን ክዳን እየዘጋች ነበር፣ በግራ እጇ። «ጨዋ ልጅ ናት። ደህና ነኝ አልኳት፣ አለቀ።»

እሱ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ መጋረጃውን ነካ፣ ተወው።

«እማዬ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺልኝ።»

«ምነው፣ ማረክኸኝ እንዴ?» ግራዋን ወደ ጣሪያው ሰቀለችው።

«ቀኙን።»

ቀኙ ተነሣ፤ ትከሻዋ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ሁለቱም የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት።

«ዘጠና በይው ብያት ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ እጇን እያወረደች።

በያጁ ስልኩን አውጥቶ የወደቡን ቀጣሪ ቁጥር ፈለገ።

«ቦታህን ለሌላ ይሰጡብሃል።»

«ይስጡ። ነገ ሐኪም ቤት ነን። ትከሻሽ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልሳፈርም።»

«እሺ። ግን ሐኪሙ ጋ ስገባ አንተ ውጭ ነህ።»

«በሩን አይቼ ነው።»

ስልኩ ጠራ፤ የሚያነሣ የለም። በያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከመስኮቱ እስከ ሻንጣው፣ ከሻንጣው እስከ መስኮቱ ይመላለስ ጀመር።

«ቁጭ በል እንጂ» አለች እናቱ፣ «ወለሉን ልትበሳው ነው።»

አልተቀመጠም።