ካፒቴን ይቅር አለ

"ወደ ቀኝ እየሄደብኝ ነው! ኧረ ወደ ቀኝ እየሄደብኝ ነው!" ካፒቴን ሪሞቱን በሁለት እጁ ጨምቆ፣ መቆጣጠሪያውን በአውራ ጣቱ ወደ ግራ እየገፋ ጮኸ።

በገፋው ቁጥር ባሰበት። አልጋ የሚያህለው ነጭ ሞዴል አውሮፕላን፣ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ እያፏጩ ከሜዳው ተነስቶ ገና ከቤት ጣሪያ ከፍ ሳይል በቀኝ ክንፉ ተጋደመ። ግራ ሲሉት ቀኝ፣ አሁንም ግራ ሲሉት ይባስ ቀኝ። ከዚያ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ወደ ሜዳው ዳርቻ ተወረወረ። እዚያ ደግሞ የሜዳው ዘበኛ፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን እንዳንጠለጠሉ ቆመው ነበር። ቀና ብለው አዩት። ወዴት እንደሚሸሹ ሳይወስኑ ትከሻቸው ላይ ወደቀባቸው።

የካፒቴን እህት የአሸዋውን ባልዲ ይዛ ሮጠች። አሸዋው የሚያዘው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ የአውሮፕላኑ ባትሪ ሲቃጠል በውሃ አይሞከርም። ሽማግሌውን በብብታቸው ይዛ ከስብርባሪው ጎትታ አራቀቻቸው። ስትመለስ ባትሪው እንደ ታመመ ሆድ ተነፍቶ ጭሱን መትፋት ጀምሯል። አሸዋውን ገለበጠችበት። ሽታው ግን ቀድሟታል፤ የበሰበሰ ፍራፍሬ ከቀለም ጋር የተቀላቀለበት የሚመስል፣ ጣፈጥ ያለ ክፉ ሽታ። ቋቅ አላት።

ወንድሟ እያለከለከ ደረሰ።

"ክንፉስ? ክንፉ ተርፏል?"

"ሰው ነው የተመታው!"

"አየሁ እኮ፣ ዓይን አለኝ! እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ክንፉ ነው።"

እንግዲህ ካፒቴን ማለት ይሄ ነው። ስሙን ማን አወጣለት ቢባል፣ ራሱ። ሥራው የመኪና ዕቃ መሸጥ ነው፤ የእውነተኛ አውሮፕላን መሪ በጣቱ ነክቶ አያውቅም። ነጭ ሸሚዝ ላይ ወርቃማ መስመር አሰፍቶ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ ሞባይል ላይ ብቅ ይልና "ዛሬም እንበራለን ወገኖቼ!" ይላል። ሕዝቡም ያጨበጭብለታል። አውሮፕላኑን የሠራችው ግን እህቱ ናት። እሷ ጥርስ ሠሪ ናት፤ የሌላ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ጥርስ ስትሞርድና ስታለሰልስ የምትውል። ከሥራ ስትመለስ በዚያው በጥርስ መሞረጃዋ የአውሮፕላኑን አካል ሞርዳ፣ ክንፉን ገጥማ፣ ገመዱን ዘርግታ፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ቀብታ ስንት ዓመት ጨርሳበታለች። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ብሎኖቹን ታጠብቃለች፣ መታጠፊያዎቹን በጥፍሯ እየነካካች ትፈትሻለች፣ ያበጠ ባትሪ ካለ ለይታ ትጥላለች። ቪዲዮው ውስጥ እሷ የለችም። አንድ ጊዜ እጇ ታይቶ ነበር፣ እሱንም ቆርጦ አወጣው።

ደግሞ አልከፋትም ነበር! እውነቱ ይነገር ከተባለ ያንን አውሮፕላን ትወደዋለች። ከመሬት ሲለቅ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር አብሮ ይነሳል። ለዚያች ቅጽበት ብላ ስንቱን ችላለች።

ትናንት ከክንፎቹ ኋላ ከፍና ዝቅ እያሉ አውሮፕላኑን የሚያዞሩትን መታጠፊያዎች የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች አርጅተው ስለነበር ሁለቱንም ቀየረቻቸው። አዲሶቹ የሚዞሩት በተቃራኒው ስለሆነ አቅጣጫው ሪሞቱ ላይ መገልበጥ አለበት፤ ሪሞቱን ደግሞ ከካፒቴን በቀር የሚነካው የለም።

"እንዳትረሳ፣ ገልብጠው" አለችው ዛሬ ጠዋት ዕቃ ሲጭኑ። "ከዚያ ከጭራው በኩል ቆመህ ግራና ቀኝ ፈትሽ። ከጭራው!"

"አንቺ ደግሞ! ለማን ነው የምትነግሪው?"

ከጭራው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኋላ የቆመ ሰው ከአውሮፕላኑ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያይ የሱ ግራ የአውሮፕላኑም ግራ ነው። አፍንጫው ፊት የቆመ ግን መስታወት እንደሚያይ ሰው ነው፤ የተገለበጠው ልክ ይመስለዋል። ታዲያ ካፒቴን የት ቢቆም ጥሩ ነው? አፍንጫው ፊት! ለምን ቢባል፣ ካሜራ የያዘው ጓደኛው ከጭራው በኩል ሲቀርጸው ፊቱ ከአውሮፕላኑ በላይ አምሮ እንዲታይ።

"ከጭራው አላልኩህም?" ብላ ከመኪናው ጮኸች።

"ቀረጻ ላይ ነን! አትረብሺን!"

ሳይገለብጥ የረሳውን ሪሞት ወደ ግራ ገፋ። እሱ ከቆመበት በግራው ያለው መታጠፊያ ተነሳ፤ ወደ ግራ ሲታዘዝ የሚነሳው የግራው ነውና ልክ መሰለው። "ሁሉም አማን ነው ወገኖቼ" አለና ለካሜራው ፈገግ አለ። ወዲያው ጓደኛው ከወደ ሜዳው ዳርቻ፣ በረራ ሲኖር ማንም ከማያልፈው ቀይ መስመር ወዲያ፣ ጀሪካን እንደሚታይ ነገረው።

"አባባ! ያንን ጀሪካን ያንሱልኝ፣ ምስሉን አበላሸብኝ!"

"አውሮፕላኑ ሊነሳ አይደለም እንዴ? ቀዩን መስመር ማለፍ ክልክል ነው እኮ ልጄ።"

"እኔ እያለሁ ምን ይሆናሉ? ቶሎ ይበሉ እንጂ!"

ሽማግሌው ሄዱ። ሳይመለሱ ካፒቴን ሞተሩን ከፈተው። እህቱ ባልዲዋን ይዛ ወደ ጭራው እየሮጠች ነበር፤ አልደረሰችም።

ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ ካፒቴን መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ያስገባው ስብርባሪውን ነው። የተረፈው ክንፍ እንዳይጫር ብሎ በብርድ ልብስ ጠቀለለው። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይንቀጠቀጣሉ። እህቱ ብርድ ልብሱን ከክንፉ ላይ ገፍፋ ለሳቸው ደረበችላቸው።

"ቀለሙ ይላጣል!" አለ ካፒቴን መሪውን እንደያዘ።

የባትሪው ሽታ መኪናውን ሞልቶታል፤ ወንድሟ የተቀባው ሽቶ ደግሞ በላዩ ላይ ተጨመረበት። መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች።

የሽማግሌው ትከሻ ተሰብሯል፣ ክንዳቸውም ከመገጣጠሚያው ወጥቷል። ሐኪሙ ክንዳቸውን ከደረታቸው ጋር አስሮ፣ ከእንግዲህ ለብዙ ጊዜ ምንም እንዳያነሱ ነገራቸውና ወጣ። ካፒቴን እህቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

"ስሚኝ። የሜዳው ኃላፊ እየመጣ ነው። ሰውየው መስመሩን አልፈው ገቡ እንላለን። ውሸት ደግሞ አይደለም፣ አልፈዋል።"

"ማን ልኳቸው?"

"እሱን ማን ጠየቀሽ? ቅዳሜ ባዛሩ ላይ እንደምንበር ረሳሽው? ካፒቴን ሰው ሰበረ ከተባለ ማን ይጠራኛል? አንቺ ዝም ብለሽ ክንፉን ጠግኚ። ሌላውን ለኔ ተይው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ሆድ ነው ያለህ?"

"ጀመረች!" አለና ሞባይሉን አቀበላት። "እንኪ፣ እማዬ ትፈልግሻለች።"

እናታቸው ወሬውን ቀድማ ሰምታለች፤ ከማን እንደሰማች መጠየቅ አያስፈልግም።

"ልጄ፣ ወንድምሽ እኮ ክፉኛ ደንግጧል። ድምፁ ራሱ የሱ አይመስልም።"

"እማዬ፣ የተሰበረው እሱ አይደለም።"

"ሰማሁ፣ አንድ ዘበኛ ዘሎ ገባበት አይደል? እግዜር ይማራቸው። ብቻ አደራሽን፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂብኝ። ከልጅነቱም ሆደ ባሻ ነው፣ ታውቂው የለ?"

ስልኩን መለሰችለት። ሆደ ባሻው ወዲያው በሞባይሉ መስታወት ጸጉሩን ማበጀት ጀመረ። ምራቋን ልትተፋ ፈለገች፣ ኮሪደሩ ንጹሕ ስለነበር ዋጠችው።

የሜዳው ኃላፊ ላቡን እየጠረገ መጣ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የተቸገረ ሰው ነው የሚመስለው። ሽማግሌው የተኙበት ክፍል ገብቶ ቆመ።

"አባባ፣ ቀዩን መስመር ማንም እንዳያልፍ መጠበቅ የርስዎ ሥራ ነው። እርስዎ ራስዎ ካለፉ እኔ ምን ልበል? ነገ ኮሚቴው ይሰበሰባል። በጥፋትዎ ከሆነ ሌላ ዘበኛ ነው የሚያስገቡት። ሕክምናውም አይመለከተንም ነው የሚሉት።"

ሽማግሌው ወደ ካፒቴን አዩ። በሩን ከፍተውለት እስኪገባ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ካፒቴን ጣሪያውን አየ። ሽማግሌው ይሉኝታ ያዛቸውና አንገታቸውን ደፉ።

"አልፌያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ" አሉ። "ንብረታችሁንም አጠፋሁባችሁ ልጆቼ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

"ችግር የለም አባባ!" አለ ካፒቴን ደረቱን ነፍቶ። "ይቅር ብለንዎታል። ዕቃ ይተካል፣ ዋናው ጤና ነው።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ደህነኛውን ትከሻቸውን አቀፈና ሞባይሉን ለእህቱ ዘረጋላት። "አንድ ፎቶ አንሺን እስቲ። ሰዉ ደስ ይለዋል።"

ወይ ጉድ! ሰብሯቸው ይቅር አላቸው! ሽማግሌው ደግሞ፣ ያሳዝናል፣ ለፎቶው ብለው ፈገግ ለማለት እየሞከሩ ነበር። ያንን ፈገግታ ስታይ ከጠዋት ጀምሮ ስትውጠው የዋለችው ሁሉ አንድ ላይ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ወንድሟን በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያች ደቂቃ ተጸይፋው አታውቅም።

ሞባይሉን አልተቀበለችውም።

"አባባ፣ ይቅርታ አይጠይቁ" አለች። "ጀሪካኑን ሊያነሱ ነው የገቡት። የላካቸው እሱ ነው፤ ክልክል ነው ሲሉትም ቶሎ ይበሉ ብሎ ነው ያጣደፋቸው። ቆሜ ሰምቻለሁ።"

"ተይው ልጄ፣ ወንድምሽ ነው" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

"ደንግጣ ነው" አለ ካፒቴን እየሳቀ። "ሴት አይደለች፣ ጭሱ አዙሯታል።"

"ጭሱማ አዙሮኛል! አንተም አዙረኸኛል!" ወደ ኃላፊው ተመለሰች። "ሪሞቱን አልገለበጠውም፣ አውሮፕላኑንም በትክክል አልፈተሸውም። ከጭራው መቆም ሲገባው አፍንጫው ፊት ቆሞ ነው የፈተሸው፣ ፊቱ እንዲቀረጽለት። ግራ ሲለው ቀኝ የሄደው ለዚያ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።"

ኃላፊው መሀረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"እኔ ብሰማው ምን ዋጋ አለው?" አላት። "ኮሚቴው ነው የሚወስነው። ነገ ጠዋት መጥተው ይህንኑ እነሱ ፊት ይናገሩታል?"

"አትናገርም!" ካፒቴን ከአልጋው ተነሳ። ሳቁ ጠፍቷል። "ስሚ! እዚያ ከሄድሽ ያንን አውሮፕላን ሁለተኛ በእጅሽ አትነኪውም። ክንፉንም፣ ሞተሩንም፣ ያለውን ሁሉ ጭኜ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው። ሲበር ከሩቅ እንኳን አታዪውም። ሰማሽኝ?"

የት እንደሚመታት ያውቃል። እነዚያ መስኮቶች፣ አንድ በአንድ የቀባቻቸው፣ በዓይኗ ላይ መጡ። ከመሬት ሲለቅ የሚሰማትም ነገር መጣባት። ሌላ ሰው በወፍራም ሙጫ ክንፉን ሲለጥፈው ታያት፤ እንባዋ መጣ። ሽማግሌው በደህነኛ እጃቸው ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው እየሳቡ፣ ተይው በሚል ዓይን ያዩዋታል።

"ስንት ሰዓት ልምጣ?" አለችው ኃላፊውን።